ለመነሣት እምቢ ያለ የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር፤ ምክንያቱን በቅደም ተከተል ስለ መፈለግ

1. መግቢያ

ብዙ ሰዎች በአንድነት በሚሠሩበት ቦታ ሁሉ የጋራ ጽሑፎች የሚቀመጡበትና የሚወሰዱበት አንድ ኮምፒዩተር መኖሩ የተለመደ ነው። ይህ ኮምፒዩተር ወይም በላዩ የሚሠራው ፕሮግራም «ሰርቨር» ይባላል፤ ትርጓሜውም አገልጋይ ማለት ነው። አገልጋዩ ሥራውን በሚሠራበት ጊዜ ማንም አያስበውም። አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደገና ሲበራ አገልጋዩ ሳይነሣ የቀረ እንደ ሆነ ግን የስንቱ ሰው ሥራ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበር ያን ጊዜ ይታወቃል። ሰርቨሩን እንዲጠብቅ ኀላፊነት የተሰጠው ሰው ደግሞ በችኮላ ላይ ይወድቃል፤ በችኮላ የተደረገው መድኃኒትም ብዙ ጊዜ ከበሽታው የከፋ ይሆናል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የምሞክረው በሊኑክስ ላይ የሚሠራ የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር ለመነሣት እምቢ ሲል ምክንያቱ በምን ዐይነት ቅደም ተከተል ሊፈለግ እንደሚገባው ነው። ምሳሌ አድርጌ የወሰድኩት ክሪስ ኢቫንስ የጻፈውንና በሊኑክስ ዘንድ በሰፊው የታወቀውን «ቪኤስኤፍቲፒዲ» የተባለውን ፕሮግራም ነው። የስሙም ትርጓሜ «እጅግ የተጠበቀ የፋይል ማስተላለፊያ አገልጋይ» እንደ ማለት ነው። ትእዛዞቹ በኪቦርድ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ቢሆንም እዚህ እንደሚነበቡ አድርጌ ጽፌአቸዋለሁ። የሚጠቀሱትም ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

2. ስለ ኤፍቲፒ ጥቂት ታሪክ

ኮምፒዩተሮች ፋይል ለመለዋወጥ ከሚተዳደሩባቸው ስምምነቶች በዕድሜ ቀደምት ከሆኑት አንዱ «ኤፍቲፒ» የሚባለው ነው። የመጀመሪያውን ድንጋጌ በ1971 ዓ.ም. ያወጣው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው አብሃይ ቡሻን ነው። ዛሬም መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው ድንጋጌ ግን በ1985 ዓ.ም. በጆን ፖስቴልና በጆይስ ሬይኖልድስ የተዘጋጀው «አርኤፍሲ 959» ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ደንበኛው ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በ21 ቁጥር «ፖርት» በኩል ነው። ፖርት ማለት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ያሉት ልዩ ልዩ አገልግሎቶች እንዳይደባለቁ የተሰጣቸው የበር ቁጥር ነው። አገልጋዩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሚመልሰው መልስ በ3 አኀዝ ቁጥር ይጀምራል፤ በ5 የሚጀምረው መልስ «አልተቻለም» ማለት ነው። ይህ ነገር ወደ ፊት ይጠቅመናልና አንባቢ ልብ እንዲለው እለምናለሁ።

3. «መነሣት» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ነገር ለምን እንዳልሆነ ለማወቅ አስቀድሞ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ቪኤስኤፍቲፒዲ ሲነሣ የሚሠራቸው ሥራዎች ጥቂቶች ናቸው። በመጀመሪያ የደንቡን ፋይል ይፈልጋል። ይህ ፋይል በደቢያንና በኡቡንቱ «ኢቲሲ» በተባለው ማኅደር ውስጥ ይገኛል፤ በሬድ ሃትና በፌዶራ ግን በዚያው በኢቲሲ ውስጥ በፕሮግራሙ ስም በተጠራ ሌላ ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል። ሁለተኛ፣ የፋይሉ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ይመረምራል። ሦስተኛ፣ ደንቡን በየመስመሩ ያነባል። አራተኛ፣ የበሩን ቁጥር ከሊኑክስ ጠይቆ ይይዛል፤ ከዚያም ተቀምጦ ደንበኛ ይጠብቃል።

እንግዲህ ሰርቨሩ ሳይነሣ የቀረው ከነዚህ ከ4ቱ ሥራዎች በአንዱ ላይ ተሰናክሎ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የደንበኛው የይለፍ ቃል ወይም የመረቡ ኬላ፣ ሰርቨሩን እንዳይነሣ ሊያደርገው አይችልም። ይህን ለይቶ ማወቅ ብቻውን የፍለጋውን ግማሽ ያቃልላል።

4. መዝገቡ ዝም ሲል

በዛሬዎቹ አብዛኞቹ የሊኑክስ ዐይነቶች ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሣውና የሚያዘው «ሲስተም-ዲ» የሚባለው አለቃ ፕሮግራም ነው። ሰርቨሩ እንዳልተነሣ የታወቀ እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ የሚጠየቀውም «ሲስተም-ሲቲኤል ስታተስ» በሚለው ትእዛዝ ከአገልግሎቱ ስም ጋር ነው። ሰፋ ያለውን መዝገብ ለማየት ደግሞ «ጆርናል-ሲቲኤል» የሚለው ትእዛዝ አለ።

ነገር ግን በቪኤስኤፍቲፒዲ ረገድ ጀማሪውን ተስፋ የሚያስቈርጥ አንድ ነገር አለ። መዝገቡ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ፕሮግራሙ በ2 ቁጥር ምልክት እንደ ወጣ ብቻ ነው፤ ከቁጥሩም አጠገብ «ኢንቫሊድ አርጊዩመንት» የሚል ቃል ይጨምርበታል። አንባቢውም ስሕተቱ በትእዛዙ አጻጻፍ ላይ ያለ መስሎት በከንቱ ይደክማል። ዳሩ ግን ይህ ቃል ሲስተም-ዲ ለ2 ቁጥር የሰጠው የተለመደ ስም ነው እንጂ የቪኤስኤፍቲፒዲ የራሱ ንግግር አይደለም። ፕሮግራሙ በልዩ ልዩ ምክንያት ሲወድቅ ያንኑ ቁጥር ይተዋል።

ታዲያ እውነተኛው ምክንያት ወዴት ሄደ? የዚህ መልስ በፕሮግራሙ አሠራር ውስጥ ይገኛል። በሊኑክስ ማንኛውም ፕሮግራም ሲነሣ 3 መተላለፊያዎች ይሰጡታል፤ እነርሱም 0 ቁጥር መግቢያው፣ 1 ቁጥር መውጫውና 2 ቁጥር የስሕተት መውጫው ናቸው። ሌላው ፕሮግራም ስሕተቱን የሚናገረው በ2ኛው በኩል ነው። ቪኤስኤፍቲፒዲ ግን ስሕተቱን የሚናገረው በ0 ቁጥር መተላለፊያ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት፣ «ኢኔት-ዲ» በሚባለው በቀድሞው አሠራር ደንበኛው ራሱ የሚቀመጠው በዚያ መተላለፊያ ጫፍ ላይ ስለ ሆነ ነው። የስሕተቱ ቃል ሁልጊዜ «500 ኡፕስ» ብሎ የሚጀምረውም ስለዚህ ነው፤ 500 ከላይ እንደ ተባለው አገልጋይ ለደንበኛ የሚሰጠው «አልተቻለም» የሚል መልስ ነውና። ሲስተም-ዲ ግን ሰርቨሩን ሲያስነሣ 0 ቁጥርን ከባዶ ጉድጓድ ጋር ያገናኘዋል። ፕሮግራሙ ምክንያቱን ይናገራል፤ ንግግሩ ግን ወደ ጉድጓዱ ይወድቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሰርቨሩን በሲስተም-ዲ በኩል ከማስነሣት ይልቅ፣ የሩት ሥልጣን ይዞ የፕሮግራሙንና የደንቡን ፋይል ስም በመጻፍ በቀጥታ በተርሚናሉ ላይ ማስነሣት ነው። ያን ጊዜ 0 ቁጥር የተገናኘው ከተርሚናሉ ጋር ስለሚሆን «500 ኡፕስ» የሚለው ቃል ከነምክንያቱ በዐይን ይታያል። ምንም ቃል ሳይታይ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን ተነሥቶ ደንበኛ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። እንደዚህ ያለው ሙከራ ሲያበቃ ፕሮግራሙን መዝጋት አይረሳም፤ ያለዚያ በሩን እንደ ያዘ ይቀርና ለሚቀጥለው ሙከራ ራሱ እንቅፋት ይሆናል።

5. ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች

(ሀ) የደንቡ ፋይል አጻጻፍ። የቪኤስኤፍቲፒዲ ደንብ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ስም፣ የእኩል ምልክትና ዋጋ ብቻ ያለበት ነው። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ መተው ክልክል ነው። ብዙዎች ሌሎች ፕሮግራሞችን ስለ ለመዱ ለዐይን እንዲያምር ብለው ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ ሰርቨሩም በዚሁ ይቆማል። ባዶው ቦታ ከምልክቱ በፊት ከሆነ ፕሮግራሙ ስሙን ሊያውቀው ስለማይችል «ያልታወቀ ስም» የሚል ትርጓሜ ያለው ስሕተት ይናገራል። ከምልክቱ በኋላ ከሆነ ግን ስሙን ዐውቆ ዋጋውን ስለማይቀበል «የተበላሸ ዋጋ» ይላል። ስለዚህ የስሕተቱን ቃል ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ፋይሉን ሳይከፍት እንኳ ጥፋቱ በምልክቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ሊገምት ይችላል።

ለዐይን የማይታይ ጥፋትም አለ። ፋይሉ በዊንዶውስ ላይ ተጽፎ ወደ ሊኑክስ የመጣ እንደ ሆነ በየመስመሩ መጨረሻ አንድ ስውር ምልክት ይከተለዋል። አንባቢ «የስ» የሚለውን ቃል ብቻ ያያል፤ ፕሮግራሙ ግን ቃሉን ከነስውር ምልክቱ ያነበዋል። ይህን ለመግለጥ «ካት» የሚለውን ትእዛዝ ከዐቢዩ «ኤ» ምልክት ጋር መጻፍ ነው፤ ያን ጊዜ የየመስመሩ መጨረሻ በዶላር ምልክት ይለያል፤ ስውሩም ነገር ሁሉ ይገለጣል።

(ለ) እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ደንቦች። በደንቡ ውስጥ «ሊስን» እና «ሊስን አይፒቪ6» የሚባሉ 2 ስሞች አሉ። የመጀመሪያው በአሮጌው የአድራሻ ዐይነት፣ ሁለተኛው በአዲሱ ዐይነት ደንበኛ እንዲጠበቅ የሚያዙ ናቸው። ሁለቱም «የስ» ከተባሉ ፕሮግራሙ «ለእያንዳንዱ ለየብቻ ቅጂ አስነሡ» ብሎ ይወጣል። ሁለቱም «ኖ» ከተባሉ ደግሞ «ራሴን ችዬ እንድቆም አልታዘዝኩም፤ ከኢኔት-ዲ አስነሡኝ» የሚል ትርጓሜ ያለው ቃል ተናግሮ ይወድቃል። በደቢያንና በኡቡንቱ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው ደንብ የመጀመሪያውን «ኖ»፣ ሁለተኛውን «የስ» ያደርጋል፤ ሁለተኛው ብቻውን ሁለቱንም የአድራሻ ዐይነት ስለሚቀበል ይህ በቂ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ለቀድሞው ደንብ የተጻፈ ምክር ያነበበ ሰው ሁለተኛውን ሳያስወግድ የመጀመሪያውን «የስ» ሲያደርግ ነው። እንዲሁም አዲሱ የአድራሻ ዐይነት በኮምፒዩተሩ ላይ ፈጽሞ ተዘግቶ ከሆነ ሁለተኛውን «ኖ» አድርጎ የመጀመሪያውን «የስ» ማለት ያስፈልጋል።

(ሐ) የፋይሉ ባለቤትነት። የደንቡ ፋይል የሩት ካልሆነ ፕሮግራሙ አልቀበልም ይላል። ይህ ግትርነት አይደለም። ደንቡን ሊለውጥ የሚችል ሰው አገልጋዩን እንደ ፈለገ ሊያዘው ስለሚችል ነው። ፋይሉን በራሱ ማኅደር አርሞ ወደ ኢቲሲ የመለሰ ሰው ባለቤትነቱንም ወደ ሩት መመለስ ይገባዋል።

(መ) በሩን ለመያዝ አለመቻል። የስሕተቱ ቃል «በሩን ለመያዝ አልተቻለም» የሚል ትርጓሜ ያለው ከሆነ ምክንያቱ ከ3 አንዱ ነው፤ ቃሉ ግን ለሦስቱም አንድ ነው። አንደኛው፣ በሩን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። ይህን የሚገልጠው «ኤስኤስ» የተባለው ትእዛዝ ከቲ፣ ከኤል፣ ከኤንና ከፒ ምልክቶች ጋር ነው፤ 21 ቁጥርን የያዘውን ፕሮግራም በስሙ ያሳያል። የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ በእጅ የተነሣ የራሱ የቪኤስኤፍቲፒዲ ቅጂ፣ ወይም «ፕሮኤፍቲፒዲ» እና «ፒዩር-ኤፍቲፒዲ» ከተባሉት ሌሎች የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨሮች አንዱ ነው።

ሁለተኛው፣ በደንቡ ውስጥ ሰርቨሩ እንዲቀመጥበት የተጻፈው አድራሻ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የለም። እንዲህ ሲሆን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ሊታይ ይችላል፤ ይኸውም ኮምፒዩተሩ ሲበራ ሰርቨሩ ይወድቃል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በእጅ ሲያስነሡት ግን ያለ ምንም ችግር ይነሣል። ምክንያቱም ሰርቨሩ ሲጠራ መረቡ ገና አድራሻውን አልተቀበለም ነበር። መድኃኒቱ አገልግሎቱ መረቡ እስኪዘጋጅ እንዲጠብቅ ለሲስተም-ዲ ማዘዝ ነው።

ሦስተኛው፣ ፈቃድ የለም። ከ1024 በታች የሆነውን በር የሚይዝ በተለመደው ሥርዐት የሩት ሥልጣን ያለው ብቻ ነው። ሬድ ሃትንና ፌዶራን በመሰሉት ላይ ደግሞ «ኤስኢ-ሊኑክስ» የሚባል ዘበኛ አለ። ሰርቨሩ ከ21 ወደ ሌላ ቁጥር የተዛወረ እንደ ሆነ ቁጥሩ ለፋይል ማስተላለፊያ የተፈቀደ መሆኑን ለዘበኛው ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ በተርሚናል ላይ ተነሥቶ በሲስተም-ዲ በኩል ግን እምቢ ያለ እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ዘበኛ ነው፤ ሁለቱን በተለያየ ሥርዐት ይጠብቃቸዋልና።

ሦስቱን ለመለየት «ኤስ-ትሬስ» የተባለው መሣሪያ ይረዳል። ፕሮግራሙ ከሊኑክስ የሚጠይቀውን ጥያቄና የሚሰጠውን መልስ አንድ በአንድ ያሳያል። የሊኑክስ የስሕተት ቁጥር 98 ማለት በሩ ተይዟል፣ 99 ማለት አድራሻው የለም፣ 13 ማለት ፈቃድ የለም ማለት ነው።

6. ተነሥቶ የማያገለግል ሰርቨር

ሰርቨሩ ከተነሣ በኋላ የሚታዩትን ችግሮች «አልተነሣም» ከሚለው መለየት ይገባል። የመረቡ ኬላ 21 ቁጥርን ቢዘጋ ሰርቨሩ ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ደንበኛው ግን አይደርስበትም። የምስጢር ጽሕፈት የምስክር ወረቀቱ የጠፋ ወይም የተበላሸ እንደ ሆነ ጥፋቱ የሚገለጠው ደንበኛ ሲመጣ ነው። ደንበኛው ከራሱ ማኅደር እንዳይወጣ ተደርጎ ማኅደሩ ደግሞ ሊጻፍበት የሚቻል ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ያን ደንበኛ ብቻ ይመልሰዋል። በነዚህ ሁሉ ጊዜ ሲስተም-ዲን ብንጠይቀው «በሥራ ላይ ነው» ይለናል፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «አልተነሣም ወይስ አልተደረሰበትም?» የሚለው ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ሰርቨሩን ደጋግሞ ለማስነሣት የሞከረ ሰው በመጨረሻ ሲስተም-ዲ «ጥያቄው በዛ» ብሎ ይከለክለዋል። ካልተለወጠ በቀር ልኩ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ነው። ይህ መልስ የመጀመሪያው በሽታ አይደለም፤ የችኮላ ውጤት ነው። ዋናው ምክንያት ከታረመ በኋላ «ሪሴት-ፌይልድ» በሚለው ትእዛዝ ይነሣል።

7. ሊወገዱ የሚገባቸው መድኃኒቶች

ሰርቨሩ እምቢ ባለ ጊዜ በየቦታው የሚሰማ ምክር አለ። አንደኛው ለፋይሎቹ ሁሉ 777 የተባለውን ፈቃድ መስጠት ነው። ይህም ማለት በኮምፒዩተሩ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ነገር እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያስኬድ መልቀቅ ነው። ከላይ እንዳየነው ሰርቨሩን ከሚያስቆሙት ምክንያቶች ይህ ፈቃድ የሚፈውሰው የለም፤ የባለቤትነት ጥያቄን እንኳ አይመልስም። የሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ግን ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሁለተኛው ኤስኢ-ሊኑክስን ፈጽሞ መዝጋት ነው፤ ለአንድ በር ፈቃድ ማስመዝገብ ሲቻል ዘበኛውን ከነጭራሹ ማሰናበት ነው። ሦስተኛው 21 ቁጥርን የያዘውን ፕሮግራም ማን እንደሚገለገልበት ሳይጠይቁ መግደል ነው። አራተኛው ፕሮግራሙን አጥፍቶ ከተገኘበት ሁሉ እንደገና መጫን ነው። ይህ የመጨረሻው ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ በ2011 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ታይቷል። ያን ጊዜ የቪኤስኤፍቲፒዲ 2.3.4 ጥቅል በዋናው ማከፋፈያ ቦታ ላይ ባልታወቀ ሰው ተለውጦ፣ በ6200 ቁጥር በር በኩል ለሌባ መግቢያ የሚከፍት ሆኖ ተገኝቶ ነበር። የተለወጠው ጥቅል ፊርማው ከእውነተኛው ጋር አይስማማም ነበር። ስለዚህ ፕሮግራም የሚወሰደው ከታመነ ቦታ፣ ፊርማውም ከተመረመረ በኋላ ብቻ ነው።

8. መደምደሚያ

አበው «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንዳሉት፣ የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ሥሩን መፈለግ ነው። ቅደም ተከተሉም በአጭሩ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ሰርቨሩ በእርግጥ አለመነሣቱን መለየት፤ ቀጥሎ መዝገቡን ማንበብ፤ መዝገቡ ዝም ካለ ፕሮግራሙን በተርሚናል አስነሥቶ ራሱን ማናገር፤ ከዚያ የደንቡን ፋይል ቅጂ ካስቀመጡ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና እንደገና መሞከር ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሰርቨሩ ቢነሣለትም እንኳ በየትኛው እንደ ተነሣ አያውቅም፤ በሽታው ሲመለስም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አንድ ጥያቄ ግን ሰርቨሩ ከተነሣ በኋላም ይቀራል። ተራው ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይቀር በግልጽ ጽሑፍ ስለሚያስተላልፍ በመረቡ ላይ ያደፈጠ ሰው ሊያነበው ይችላል። ፋየርፎክስና ክሮም የተባሉት ማሰሻዎች በ2021 ዓ.ም. ኤፍቲፒን ከውስጣቸው አውጥተዋል። በምትኩ «ኤስኤፍቲፒ» የተባለው፣ በ22 ቁጥር በር በምስጢር ጽሕፈት የሚያስተላልፈው መንገድ አለ፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተሩን ከሩቅ ለማስተዳደር በተጫነው አገልግሎት ውስጥ አብሮ ይገኛል። ስለዚህ ሰርቨሩን ለማስነሣት የሚደክም ሰው፣ የቆመውን ነገር መልሶ ከማቆሙ በፊት፣ በላዩ የሚተላለፈው የማን ጽሑፍና የማን ምስጢር እንደ ሆነ ደግሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ለአሮጌ መሣሪያ ወይም ለሁሉ ክፍት ለሆነ ፋይል ከሆነ ቪኤስኤፍቲፒዲ ዛሬም በቂ አገልጋይ ነው፤ የሰው የይለፍ ቃል የሚያልፍበት ከሆነ ግን የምስጢር ጽሕፈቱን ሳያበጁ ማስነሣት አይገባም።